የዝምተኞቹ ልጅ

ናውሲማኬ እባላለሁ፤ የዝምተኞቹ ወገን ነኝ። አቴና ውስጥ ይህን ወገን የማያውቅ የለም። ከዳኞቹ ኮረብታ ሥር ያለውን የእመቤቶቹን ዋሻ የምንጠብቀው፣ ማርና ውሃ በጥብጠን የምናፈስላቸው እኛ ነን። ከበሩ ገብተን እስክንወጣ ትንፍሽ አንልም። እናቴ ትንፍሽ ሳትል አርጅታ ሞተች። አክስቴ ኤውኮሊኔ ደግሞ፣ ዛሬ የሁላችን አለቃ የሆኑት፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንኳ ጨው አቀብሉኝ የሚሉት በእጃቸው ነው። እኔን ደግሞ ይህን የማያርፍ ምላስ ሰጥተው እዚህ ቤት ጣሉኝ። ማን እንደጣለኝ ባውቅ ሄጄ እጣላው ነበር።

እመቤቶቹ የምንላቸው ትክክለኛ ስማቸውን መጥራት ስለምንፈራ ነው። ሰው የወዳጁን ወይም የዘመዱን ደም ሲያፈስ፣ እግር በእግር የሚከተሉት እነሱ ናቸው ይባላል። እንቅልፍ ይነሱታል፣ እህሉን አፉ ውስጥ ያመርሩበታል፣ በመጨረሻም ያሳብዱታል። ይባላል ነው የምለው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳገለግላቸው አንድ ሰው ሲያሳብዱ አላየሁም። ሰው ሁሉ ፀጉራቸው እባብ ነው እያለ ልጁን ያስፈራራል። ገብታችሁ ብታዩዋቸው ግን ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ገበያ ውለው ደክሟቸው የተቀመጡ ነው የሚመስሉት።

ባሌ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ እኔና ልጄ ሚካ የምንኖረው ወንድሜ ፊሊስኮስ ቤት ነበር። ሚካ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷን አታውቀውም፤ አባባ የምትለው ፊሊስኮስን ነበር። ፊሊስኮስ ሂሜቶስ ተራራ ላይ ቀፎ ያለው ንብ አናቢ ነው። ጎረቤታችን ስሚክሮንም እንደዚያው። ሁለቱ አብረው አደጉ፣ አብረው ዘመቱ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራበቱ። አንዱ ቤት የተጋገረ ቂጣ ሌላው ቤት ይበላ ነበር። ስሚክሮን ደግሞ ስሙም ትንሹ ማለት ነው፣ እሱም ትንሽ ነው፣ እግሩም የልጅ እግር ነው የሚያክለው። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ እግር ነው።

ሕጉ የአንዱ ሰው ቀፎ ከሌላው ቀፎ ሦስት መቶ ጫማ ይራቅ ይላል። አምና በአበባው ወራት ስሚክሮን አዲስ ቀፎዎች ደረደረ። ወንድሜ እግሩን እያጋጠመ ሲለካ ሁለት መቶ ስድሳ ሆነበት። ስሚክሮን ሲለካው ደግሞ ሦስት መቶ ከአራት። መጀመሪያ ተሳሳቁ አሉ። «ያንተ እኮ እግር አይደለም፣ ጣት ነው» አለው ወንድሜ። «ያንተስ እግር ነው? ጀልባ እንጂ» አለው ስሚክሮን። ሳቁ መቼ እንዳለቀ እነሱም አያውቁትም። ወንድሜ አንዱን የሸክላ ቀፎ በዚያ በጀልባው እግሩ ብሎ ሰበረው፣ ንቡ ግር ብሎ ወጣ፣ ስሚክሮን በእጁ የነበረውን የማር መቁረጫ ብረት ሰነዘረ። ያረፈው የወንድሜ ጆሮ ግንድ ላይ ነው።

ከተራራው ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ስሚክሮን ነው። ያ ትንሽ ሰው ያን ሙሉ ሰው በጀርባው አዝሎ፣ ፊቱ በንብ አብጦ፣ በራችን ላይ ቆመ። እኔ ወንድሜን ተቀብዬ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት።

ፊሊስኮስ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሚካ ግቢ ውስጥ ስትጫወት፣ ዓይኑን ገለጠና ጠራኝ።

«ናውሲ፣ ስሚክሮንን ምሬዋለሁ። ደሜ እዚሁ ይድረቅ። ለአጎቴ ንገሪልኝ።»

«ዝም በል፣ ጉልበትህን አትጨርስ» አልኩት።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ድገሚልኝ።»

«አልደግምም።»

ሊስቅ ሞከረና አመመው። «የዝምተኞቹ ልጅ መሆንሽ ዛሬ ገና ትዝ አለሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

ሕጋችን ግልጽ ነው። ሟች ከመሞቱ በፊት ገዳዩን ምሬዋለሁ ካለ፣ አለቀ። ዘመድ አይከስም፣ ዳኛ አይፈርድም፣ እመቤቶቹም አይነሱም። ይህን ሲል አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አጎቴ ቴሌሲያስ ለቀብሩ መጥቶ «የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» ሲለኝ፣ «ውሃ አለኝ፣ ሰጠሁት» አልኩ። አፌ ላይ እንደዚያ ቀለል ብሎ መጣ።

ለምን እንደዚያ አደረግሽ የሚለኝ ካለ፣ ስለተናደድኩ ነው። በስሚክሮን ተናደድኩ፣ ከእሱ ይበልጥ ግን በወንድሜ ተናደድኩ። ማንን ጠይቆ ነው የማረው? ደሙ የእሱ ብቻ መሰለው? እሱ በሰላም ተኛ፤ ማታ ማታ «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች የምታደርቀኝ ልጅ ለእኔ ቀረች። ግድግዳው ማዶ ደግሞ ያ ሰው ያስላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ቀፎ ይጠፈጥፋል። እሱ እንዲህ ሊኖር፣ እኔ ምሮሃል ብዬ መልእክት ላደርስለት? ደሙ ይመለስልኝ ብዬ በየቀኑ ዋሻው ውስጥ እመቤቶቹ ፊት በሆዴ እለምን ነበር። እነሱ ዝም። ለምን ዝም እንዳሉ እኮ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ያለውን እነሱም ሰምተዋል። እያወቅሁ ግን መለመኔን አልተውኩም። እልህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አጎቴ ከሰሰ። ሆን ብሎ ነው የገደለው ካሉ ፍርዱ ሞት ነው። ተከሳሽ ደግሞ ዳኞቹ ፊት አንዴ ከተናገረ በኋላ አገር ጥሎ ልሂድ ቢል ማንም አያስቀረውም። ስሚክሮን አልሄደም። ሰው ሁሉ ገረመው፤ እኔ ግን ይህ ድፍረቱ ነው ብዬ ይበልጥ ጠላሁት።

እኛ ሴቶች ዳኞች ፊት ቆመን አንመሰክርም። አንድ ቀዳዳ ግን አለ፤ ተከሳሹ «እገሊት ትማልልኝ» ካለ፣ ሴቲቱ ዋሻው ውስጥ እመቤቶቹ ፊት ቆማ፣ ልጅ ካላት ልጇን አቅፋ በልጇ ራስ ትምላለች። መሐላውም ለፍርዱ ይቆጠራል። ክርክሩ ባለበት ቀን ሁሉ ሚካን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ጥሪ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ምን ልል እንደነበር ልንገራችሁ? ወንድሜ ማንንም አልማረም ብዬ ልምል ቆርጬ ነበር። በሐሰት የማለ ዘሩ እንደሚጠፋ እያወቅሁ፣ የልጄ ራስ ላይ እጄን ጭኜ። እንዲህ አድርጎኝ ነበር ንዴቱ። ማንም አልጠራኝም። ሰውየው ወንድሜ እንደማረው አያውቅማ፤ ምን ብሎ ያስምለኛል አልኩና እፎይ አልኩ።

ዳኞቹ ፍርዳቸውን የሰጡበት ጠጠር ሲቆጠር እኩል ለእኩል ወጣ። ግማሾቹ ገዳይ አሉት፣ ግማሾቹ አይደለም አሉ። እኩል ከሆነ ተከሳሹ ነፃ ነው፤ ልማዱ እንዲህ ነው። አጎቴ ከኮረብታው ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አንድ ጠጠር፣ ናውሲ። በአንዲት ጠጠር» አለኝ።

አብሬው ተቃጠልኩ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሌላ ልማድ አለን። ከዳኞቹ ፊት ነፃ የወጣ ሰው ያንኑ ቀን ወደ ዋሻው ወርዶ ለእመቤቶቹ ማርና ውሃ ያፈሳል። በጥብጣ የምታቀርብለት ከእኛ መካከል ባለ ተራዋ ናት። የዚያን ቀን ተራው የማን ነበር ብትሉኝ፣ የእኔ።

በሩ ላይ አክስቴን ያዝኳቸው። «ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ አክስቴ።»

«ተራው ያንቺ ነው።»

«የሚመጣው የወንድሜ ገዳይ ነው።»

«ዳኞቹ አይደለም ብለዋል።»

«ግማሾቹ።»

«ግማሹ ይበቃል።» አክስቴ ሲናገሩ ቃል የሚያልቅባቸው ይመስል ይቆጥባሉ፤ የዚያን ቀን ግን ረዘም አደረጉት። «ስሚኝ፣ ከዚህ በር ወዲያ ትንፋሽሽ እንዳይሰማኝ። አንድ ቃል ካወጣሽ የመበጥበጫው ማሰሮ ከእጅሽ ይወጣል፤ ልጅሽም ካንቺ በኋላ እዚህ አትገባም።»

እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ውጭ ምን ነበረኝ? የምንበላው ከዋሻው በምናገኘው ድርሻ ነው።

ስሚክሮን መጣ። ካየሁት ከርሟል፤ ከስቶ ልብሱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ማሩን በትንሽ ገንቦ ይዟል። ክዳኑን ስከፍተው የሂሜቶስ ጦስኝ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከዚያው ከቀፎዎቹ ነው የቆረጠው። ሌላ ማር አጥቶ ነው? ይህን በምላሴ ብለው ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር፤ ግን በሩን አልፈናል። አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ ጨምሬ በጠበጥኩ። የወይን ጠጅ ጠብታ እንኳ አይነካውም፤ እመቤቶቹ አይወዱም። አክስቴ ጥግ ላይ ቆመው እጄን እንጂ ፊቴን አያዩም ነበር።

ጽዋውን ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ነው መሬት ላይ የሚፈሰው። የመጀመሪያውን አፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ እጁ ተንቀጥቅጦ ጽዋው ወደቀና ሁሉም እግሩ ላይ ተደፋ። ሲበላሽ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሌላ በጠበጥኩ። አሁንም ደፋው። ሦስተኛውን ስበጠብጥ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ እመቤቶቹ እየገፉት ነው፣ አልተቀበሉትም አልኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ያው ናቸው። እነዚያ ሦስት የደከማቸው ሴቶች አንዷ እንኳ ቅንድቧን አላነቃነቀችም። ሰውየው የሚንቀጠቀጠው እንቅልፍ አጥቶ ነው። በመጨረሻው ጊዜ ተሳካለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አፈሰሰ። አለቀ። ነፃ ሆነ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ሊወጣ ዞረ።

ንድድ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ማር ያፈሰስኩላቸው ለዚህ ነው? እናንተ ካልሠራችሁ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ በሆዴ። በምን እንደምመታው ያኔ መጣልኝ። ያ የደበቅሁት ቃል ራሱ ከማንኛውም ብረት የከፋ ነበር። የገደልከው ሰው እየወደደህ ሞተ ብዬ ብነግረው፣ ያንን ይዞ ዕድሜ ልኩን ይኑር። ከርኅራኄ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። ልቡን ላቆስለው ፈልጌ ነው።

«ምሮሃል» አልኩት።

ቃሉ ዋሻው ውስጥ ተስተጋባ። አክስቴ ጭንቅላታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ሳይሞት በፊት ፊሊስኮስ ምሮሃል። ደሜ ይድረቅ ብሏል። የገደልከው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ይህን ይዘህ ኑር።»

ስሚክሮን ሲወድቅ ለማየት ጠበቅኩ። ሲያለቅስ፣ ፊቱን ሲቧጭር፣ ምንም ቢሆን። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ በግድግዳው በኩል ጠራኝ። ገባሁ። እጄን ያዘና ነገረኝ። ለናውሲም እነግራታለሁ አለ።»

ማሰሮውን ይዤ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። «ታዲያ ዳኞቹ ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ማን ያምነኛል? ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

«ታስምለኝ ነበራ። ለምን አላስማልከኝም?»

«ብትጠሪ ትምዪ ነበር?»

«እምል ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

እሱ ራሱ መለሰልኝ፤ ያለ ቁጣ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ እንደሚነጋገር።

«አልማረም ብለሽ ነበር የምትምዪው። ቀብሩ ላይ ለአጎትሽ ውሃ አለኝ ብለሽ ስትነግሪው ደጅ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። በሚካ ራስ በሐሰት ላስምልሽ ነበር? ፊሊስኮስ የማረኝ የራሱን ደም ነው። የእሷን አይምረኝም ነበር።»

«ቢፈርዱብህስ?»

«ይፈርዱ ነበራ» አለና ገንቦውን አነሳ።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ለስድስት ወር አጥብቄ የያዝኩትን ጥላቻ ከእጄ ነጥቆኝ ሊሄድ ነው። ለልጄ ብሎ ሞት ፊት ቆሟል፣ እኔ እናቷ ደግሞ ልጄን ልሸጣት አበጥሬ ስጠብቅ ነበር። በእሱ መናደድ አቃተኝ፣ ራሴ ላይ መናደድ ጀመርኩ፤ ያ ደግሞ ማብቂያ የለውም።

«ነገ ወጥቼ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አልኩት።

«ተዪው ናውሲ። አሁን ብትናገሪ፣ ለምን ዝም አልሽ ይሉሻል። ሰው እኔን መሸሹን ለምዷል፤ እኔም ለምጃለሁ። አንቺ ልጅ አለሽ።»

ወጥቶ ሄደ። አክስቴ መጥተው ማሰሮውን ከእጄ ወሰዱ። አልተቆጡም፤ ወስደው ቦታው ላይ አስቀመጡትና በጣታቸው በሩን አሳዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣት አለቀ።

በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ከመንገዱ ዳር ሁልጊዜ የገብስ ቂጣ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ስሚክሮን አጠገቧ ሲደርስ ጥላው እንዳያርፍበት መሶቧን ጎተት አደረገች፣ ልብሷንም ሰበሰበች። ሁለት ሽማግሌዎች መንገዱን ለቀው ወደ ማዶ ተሻገሩ። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ትንንሽ እግሮቹን እየጎተተ ያልፋል። በጠጠር እኩልነት ያመለጠ ገዳይ ነው ለእነሱ፤ ዕድሜውን ሁሉ እንደዚያው ሊያልፍ ነው። ስለምነው የኖርኩት ይኸው ተፈጸመልኝ። ደስታ የሚባል ግን ጫፉም አልነበረም። ተዪው ብሎኛል፤ ብተወው እኔም ልጄም ስማችን ሳይነሳ እንኖራለን። ማንም አያውቅም።

ልተወው ፈልጌ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ያቺ ሴት መሶቧን መልሳ ቦታው ስታስቀምጥ፣ እሱ ያለፈበትን መሬት ሦስቴ እንትፍ አለችበት።

«ወንድሜ ምሮታል!» ብዬ ጮኽኩ። «ፊሊስኮስ ሳይሞት ምሮታል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እምላለሁ!»

መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ቆመ። ስሚክሮንም ቆመ፣ ግን አልዞረም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቂጣ ሻጯ ቀስ ብላ ተነስታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለችኝ።